ስብሰባ የማይቀርበት ድንኳን

አንድ እድር ከመንግሥት ጋር ምን ያህል እንደተወዳጀ ማወቅ ከፈለጋችሁ መዝገቡን ተዉት፤ ድንኳኑ የት እንደዋለ ጠይቁ። እኛ ከጎበሳ ከተማ በላይ ያለን ደገኞች ድንኳኑን ለለቅሶ ብለን ገዛነው፤ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ገመቹ ለአብዮቱ ብሎ ወሰደው። አይመልስም አልልም፣ ይመልሳል። ግን አብዮቱ ስብሰባ አያልቅበትም፤ እኛም ሞት አያልቅብንም።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ዶሮን ዋና በሚያስተምርበት ሰሞን፣ ጎረቤቴ ጋሽ ቶላ አረፉ። ቀበርናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ "ለቅሶ ደራሹን የት ላስቀምጠው? ቶላዬ ድንኳን ይነፈግ?" ሲሉ ወደ ሊቀመንበሩ በረርኩ።

"ጓድ ገመቹ፣ ድንኳኑን!"

"ነገ ካድሬ ከአሰላ ይመጣል። እኔ ሰው ከየት አባቴ ላምጣ ብዬ ጨንቆኛል፣ አንተ ድንኳን ትለኛለህ?"

እውነቱን ነው። ስብሰባው ላይ የሚገኙት እሱና ውሻው ብቻ ነበሩ። እድር ግን ሌላ ነው፤ ጸሐፊያችን ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። አልጋ ላይ ያለ እንኳ ተደግፎ መጥቶ "አቤት!" ይላል።

"እንግዲያው ለቅሶውን እዚያው እናምጣልህ" አልኩት።

በማግስቱ ድንኳኑ ከመሙላቱ የተነሳ ካስማው ሊነቀል ደረሰ። ጸሐፊያችን ስም ሲጠራ ካድሬው "ዲሲፕሊን ማለት ይኼ ነው!" አለ። ከዚያ ስለ እህል ኮታ ጀመረ። ማንም አልሰማውም። ስለ እርሻ በሬ ሲያነሳ ግን እትዬ ሸዋዬ የባላቸው ጅራፍ ትዝ አላቸውና "ዋይ!" አሉ። ድንኳኑ በሙሉ "ዋይ!" አለ። ያን ቀን የጭላሎ ተራራም ሳያለቅስ አልቀረም። ስለ ኮታ ተናግሮ ተለቅሶለት የማያውቀው ካድሬ መሐረቡን አወጣ።

"ጓድ ገመቹ፣ እንዲህ የነቃ ሕዝብ አይቼ አላውቅም!"

እትዬ ሸዋዬ የዝናብ ጠብታ ሳይነካቸው አልቅሰው ወጣላቸው። ከወር በኋላ ደግሞ ለነቃነው ለእኛ ከአሰላ አዲስ ድንኳን ተላከልን። ከመንግሥት ጋር መወዳጀት አቅም ይሰጣል የሚሉት ይኼን ነው!

ችግሩ፣ የነቃ ሕዝብ ለማየት የሚመጣ እንግዳ በዛ። ባለፈው የእድራችን ዳኛ አባባ ሉሌ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣

"ልጄ፣ ድንኳኑ አለ?" አሉኝ።

"ሁለቱም ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባባ።"

ትንሽ አሰቡና ተነስተው ተቀመጡ።

"እንግዲያው ገንፎ አምጡልኝ።"