የጠያቂ ጭኮ

እናንተዬ፣ እኛ አገር ታሞ መተኛት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጉልበት ይጠይቃል። ሆድማ ከሁሉ በላይ!

ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ቆየሁ። ድሮ ስኳር ቤቴ የሚገባው ለዓመት በዓል ነበር፤ አሁን ደሜ ውስጥ ገብቶ መኖሪያ ሠራ። ሲጀምረኝ ውሃ ውሃ ይለኝ ነበር፤ እንስራውን ብገለብጠው አልረካም። ኋላ ደግሞ እግሬ ላይ የወጣች ቁስል አልድን አለች። የዘመሮ ጤና ጣቢያዋ ነርስ አየችና፣ «እማማ፣ ጣፋጩን ካልተዉ ይቺ እግር ትቆረጣለች» አለችኝ።

እሺ፣ እኔስ ተውኩ። ጠያቂውስ? እኛ ዘንድ ሕመምተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ያመጡት ሳይቀመስ አይነሡም። ሳይነካ የተመለሰ እቃማ ሞት ይጠራል ይባላል። ቁስሌን የሰማ ሁሉ የገብስ ጭኮውን በማር ለውሶ መጣ። ጎረቤቴ እታለማሁ ቆርሳ አፌ ላይ ትደቅንና «በሞቴ! አልቀሽ የለም እንዴ!» ትለኛለች። ኧረ እግሬን ብላት፣ «እግርን የሚያቆመው ሆድ አይደል?» ብላ ጉርሻውን ታስጠጋለች።

ይሄኔ ባለቤቴ አያ እሸቴ ዘዴ አመጡ። አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ በቁርባን አንድ አካል ስለሆንን የሷን እኔ እበላላታለሁ አሉ። እታለማሁ ግራ ገብቷት የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። አባም ከጭኮው ቀመስ አድርገው፣ ነገሩ እውነት ነው፣ ግን በደንብ ለማረጋገጥ ትንሽ ጨምሩልኝ አሉ።

ከዚያ ወዲያ አያ እሸቴ ይጎርሳሉ፣ እኔ ተመስገን እላለሁ። እሳቸው ሲሰፉ እኔ ስጠብ፣ ቁስሌ ጠገገች። ነርሷ እግሬን አገላብጣ አይታ፣ «ጎሽ እማማ! እግርዎ ተረፈ። ማን ነው እንዲህ ያስታመመዎት?» አለችኝ። ኮራ ብዬ ዞር ስል፣ አያ እሸቴ የጤና ጣቢያውን ውሃ በጣሳ ይደጋግማሉ። የልጅቷ ሳቅ ጠፋ። ስኳራቸውን ልትለካ ጣታቸውን ወጋች።

ከኔም ይብሳል!

ወሬው ቀድሞን ቀዬ ገብቷል። እታለማሁ ሁለት አገልግል አንጠልጥላ ደጃችን ላይ ጠበቀችን፤ ለየራሳችን መሆኑ ነው። ባልና ሚስት ተያየን። እሷ ጋቢዋን ለማስተካከል ዞር ስትል፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሁለቱንም ለውሻችን ገለበጥንለት። እቃው ባዶውን ተመለሰ፤ እታለማሁም መርቃን ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ እንዲያ እያደረግን፣ እኛ ደህና ነን።

ውሻው ብቻ ሰሞኑን ውሃ ውሃ ማለት አብዝቷል።