ከተማ የሚመርቁት ሽማግሌ

ወሎዬ ከተማ ሲጎበኝ አይታችኋል? ሌላው ሰው ያያል፤ የእኛ ሰው ግን ይመርቃል! በድርቁ ዘመን ለመካነ ሰላም የእርዳታ እህል ልናመጣ በመኪና ቅፍለት አሰብ ወረድን። እህሉ እስኪጫን ከተማውን ስንዞር፣ ሽማግሌያችን አባባ ይማም በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እንደደረቡ መርከቡንም፣ ክሬኑንም፣ በረዶ ሻጩንም እየቆሙ መረቁ። አሚን ባዩ በዝቶ መንገድ ተዘጋ። ወደቡ ሥራ ፈታ ብል ማን ይከሰኛል? አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ደግኖ ደረሰ።

«ያልተፈቀደ ስብሰባ! አጀንዳው ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነዋ፣ ልጄ!» አሉት አባባ ይማም፣ የዘረጉትን እጅ ሳያጥፉ።

ጠባቂው ዙሪያውን ቃኘና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ መዳፎቹን ዘረጋ።

«ወረኢሉንም አይርሱብኝ፤ እናቴ እዚያ ናት።»