ያለ ኢጃዛ ከሳጥኑ የማይወጣው መንዙማ

ዕቃ እስኪሞት ድረስ ያገለግላል፣ ከሞተ በኋላም ይጠገናል ተብዬ ነው ያደግሁት። የእናቴ ሬዲዮ ወገቡ በላስቲክ ታስሮ፣ አንቴናው የጃንጥላ ዘንግ ሆኖ ስንት ዓመት ለፍልፏል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም፤ አትደብቁኝ። እናም አንድ ሰው መጥቶ ደህና የሚሠራ ኮምፒውተሬን «ጊዜው አልፎበታል» ቢለኝ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰውየውን ነው።

ሆጤ ሰፈር ውስጥ አንዲት የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። የሠርግ ካርድ፣ የኪራይ ውል፣ አቤቱታ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ኮምፒውተሩን በከፈትሁ ቁጥር የዊንዶውሱ ድጋፍ ማብቃቱን የሚናገር ማስታወቂያ ብቅ ይላል። እዘጋዋለሁ። አንድ መስመር ሳልጽፍ ተመልሶ ይመጣል። ሞት የሚያረዳው የቅሬው፣ የእድሩ ለፋፊ እንኳ አንዴ ተናግሮ ነው የሚያልፈው!

የእህቴ ባል ኢንድሪስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ደውዬ ጠየቅሁት።

«ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ ከእንግዲህ የሚደፍንልሽ የለም ማለት ነው» አለኝ። «እሑድ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ። ያለውን ሁሉ አጥፍቼ አዲሱን ስለምጭን፣ የምትፈልጊውን ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ጠብቂኝ።»

ሠርጉንም ክሱንም በግማሽ ቀን ገለበጥሁ። የቀረኝ አንድ ፎልደር ነበር። የሼህ ኑሩ።

ሼህ ኑሩ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ሦስት ክረምት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዕድሜ ልካቸውን የደረሱትን መንዙማ እያዜሙልኝ ጽፌላቸዋለሁ። ከእሳቸው ቃልና ከእኔ ኮምፒውተር በቀር የትም የለም። ስንጨርስ «ያለ እኔ ኢጃዛ ከዚህ ሳጥን እንዳይወጣ» ብለው አስማሉኝ። ኢጃዛ የመምህር ፈቃድ ነው፤ መምህሩ «ይሁን» ሳይል የተማሩትን ለሌላ ማሳለፍ ነውር ነው። እኔም «ወላሂ አይወጣም!» አልሁ። ሳጥኑ ቀድሞኝ ይሞታል ብዬ መች አሰብሁ።

ብገለብጠው መሐላዬ ሊፈርስ፣ ባልገለብጠው የሰውየው ዕድሜ ሊጠፋ ሆነ። ኢንድሪስ «ፍላሽ እኮ መውጣት አይባልም፤ ተመልሶ ይገባል» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍላሹን ሁለቴ ሰክቼ ሁለቴ ነቅያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ሼሁ ታመው ቢስቲማ ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነበሩና ብደውል፣ «አባ በስልክ ኢጃዛ አይሰጡም» አለችኝ። ቅዳሜ ሱቄን ቆልፌ በሐይቅ በኩል ቢስቲማ ገባሁ።

ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ጉዳዬን በአንድ ትንፋሽ አወረድሁት።

«ሳጥኑ አርጅቶ ነው?»

«አላረጀም አባ። የሚደግፈው ነው የጠፋ።»

«እኔ እንኳ ትራስ አለኝ» ብለው ሳቁ። «በይ እስቲ፣ አንዱን መንዙማ በይልኝ።»

አፌን ከፈትሁ። የፊደሉን መጠን አውቃለሁ፤ ገጹንም አውቃለሁ። ግጥሙን ግን ከመጀመሪያው ስንኝ አላልፍ አልሁ።

«ሦስት ክረምት ጽፈሽ?»

«ጣቴ ነበር የሚሰማው አባ» አልሁ። አፈርሁ፤ ተናደድሁም።

«አብሽሪ ልጄ። ያልያዝሽውን እንዴት ታሳልፊያለሽ? ያዥና ውሰጂ።»

እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት እያሉልኝ ተከተልሁ። አንዱን በቃሌ ያዝሁ፤ ፈቀዱ። ለአንዱ ብቻ! ፎልደሩ ውስጥ አርባ አንድ ነው ያለው። ኢንድሪስን «አትምጣ» አልሁት፤ ሌባ እንዳይገባም የኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ነቀልሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢስቲማ እሄዳለሁ፤ በአዘቦቱ የሠርግ ካርድ እየጻፍሁ መንዙማ አነበንባለሁ። ደንበኞቼ ጀዝባ ሆነች ብለውኝ ይሆናል። ማስታወቂያው በአንድ በኩል፣ የሼሁ ሳል በሌላ በኩል ያጣድፉኛል፤ እሳቸው ደግሞ «ቀስ በይ» ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንደኛውን ሲሉልኝ መሐል ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ የለም። ሳላስበው ቀጣዩን ስንኝ እኔ አልሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ጉልበቴን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«አሁን ሁሉንም ውሰጂ፤ ፈቅጃለሁ።»

እሑድ ኢንድሪስ መጣ፤ አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ አርባ አንዱም በሰላም ወደ ሳጥናቸው ተመለሱ። አዲሱ ዊንዶውስ ገና ከመከፈቱ «ልታደስ» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ይጨቅጭቅ። እኔ ለቅዳሜ አሥራ ሁለተኛውን እያጠናሁ ነው። ሼሁ ያን ስንኝ ረስተውት ይሁን ሊፈትኑኝ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም፤ «ረስቼው ነው» እንዳይሉኝ ፈርቼ።