እሾህ የዋጡት የአቶ ጣሰው የሳልመን ዘመቻና የአንዲት ቅርፊት ነገር

ዓሣን በውኃ ውስጥ የሰወረ፣ ሰውንም ትዕግሥት ይማር ዘንድ በወንዝ ዳር ያቆመ አምላክ ስሙ ከፍ ከፍ ይበልና፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አቶ ጣሰው በዳውንታውን ዴንቨር በባለ ስድስት ፎቁ ፓርኪንግ ላይ በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ አማታቸው ወይዘሮ ፀዳል ከጎርጎራ መጥተው በግሌንዴል ሰፈር ያለውን የአማቻቸውን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትማ በእጃቸው ባደረጉ በአራተኛው ዓመት፣ የጽጌ ጾም በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ጥቅምት አንድ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ይህ ታላቅ ሥራ ተሠራ።

ወምክንያተ ዝንቱ ጸብዕ፣ የዚህ ጦርነት ምክንያት ይህ ነው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አቶ ጣሰው ዓሣ ከማይታወቅበት ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥተው፣ የወይዘሮ ፀዳልን ልጅ ሮማንን አግብተው፣ ለመልስ ወደ ጎርጎራ በወረዱ ጊዜ፣ በጣና ዳር በተጣለው ዳስ፣ በሦስት መቶ ዕድምተኛ ፊት፣ ቀረሶ የተባለው የጣና ዓሣ እሾህ በጉሮሯቸው ተሰንቅሮ፣ ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ሚዜዎቻቸው ጀርባቸውን እየደበደቡ ወደ ጤና ጣቢያ ስላጣደፏቸው፣ ወጡ ሳይነካ ቀረ፣ ዘፋኙም ሳይዘፍን ተመለሰ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ወይዘሮ ፀዳል የአማቻቸውን ስም በአፋቸው አንሥተው አያውቁም። ለጎረቤት ሲያወሩ “ያ እሾህ የዋጠው” ይላሉ፤ ሲያዝኑላቸው “ምስኪኑ እሾህ የዋጠው” ይላሉ፤ ሲቈጡም “እሾኹ” ብለው ያሳጥሩታል። የታናሺቱን ልጃቸውን የስምረትን ባል ግን፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሆነውን ሰው፣ “ሚሊየንዬ” ይሉታል። አቶ ጣሰው ይህን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰሙ፤ አንዱንም አልረሱም።

ወእምዝ፣ የጽጌ ጾም በገባ ጊዜ ወይዘሮ ፀዳል የወትሮውን ሽሮ ገፍተው ዓሣ አማራቸው። በጽጌ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሊቃውንቱ ይጨርሱት፤ በጎርጎራ ግን ይበላ ነበር። አቶ ጣሰውም ከሱቅ ተቈርጦ የታሸገውን ዓሣ ገዝተው ቢያቀርቡ፣ ወይዘሮ ፀዳል ላስቲኩን በሁለት ጣት አንሥተው፣ ገልብጠው አይተው፣ “ራሱን ያላየሁትን ዓሣ አልበላም” ሲሉ አወጁ። በዚህ ጊዜ በአቶ ጣሰው ልብ የቈየው ነገር ገነፈለና፣ ዐርብ በምሳ ሰዓት፣ ከትኬት ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

“ቤተሰብ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ኦፍ ነኝ። ሳልመን ዓሣ ወንዙን ሽቅብ እየወጣ ነው። ላይሰንስ አውጥቻለሁ። ራስ ያለው ዓሣ በእጄ ይዤ እገባለሁ። ማታ ሁላችሁም እራት እኛ ጋ።”

ወይዘሮ ሮማን ወዲያው ተቃራኒ አዋጅ አወጡ፦ “የማጥመጃ ትል ፍሪጄ ውስጥ ከገባ እኔ እወጣለሁ።” ወይዘሮ ፀዳል ደግሞ መጻፍ ስለማይወዱ በድምፅ ላኩ፤ ድምፁም በሦስት ቤት ተሰማ፦ “እሾህ የዋጠው ዓሣ ሊይዝ ነው? ውይ! መያዝስ ለምን፣ ዓሣው ራሱ ሥቆ ይሞትለታል።”

እነሆ፣ አዋጁ ከተነገረ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ዓሣ ካልገባ፣ እሾህ የዋጠው የሚለው ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከትሏቸው በመቃብራቸው ድንጋይ ላይም ይጻፋል ብለው አቶ ጣሰው በእርግጥ ያምኑ ነበር።

ወበይእቲ ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ከግሌንዴል ወጡ። የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው። በፊት ወንበር፣ የምጽዋው ተወላጅ ጋሽ እድሪስ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ቀይ ባሕር ላይ መረብ የጣሉ፣ ተነፍቶ የሚሠራ ትንሽ የጎማ ጀልባ ባለቤት። ከኋላ በስተግራ ሚሊየን፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ አዲስ የጎማ ሱሪ የለበሰ፣ የሱሪውም ዋጋ ከነወረቀቱ በወገቡ የተንጠለጠለ። ከኋላ በስተቀኝ መሪጌታ ባስልዮስ፣ በቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር፣ በዳውንታውን የሕንፃ ጥበቃ፣ ከሥራ ወጥተው ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የዘመቱ፣ ገና ከግሌንዴል ሳይወጡም ያንቀላፉ። ስንቃቸው አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ሻይ፤ የጦር መሣሪያቸው ሁለት ዘንግ፣ አንድ መረብ፣ ከብልጭልጭ ብረት የተሠሩ ሰባት መንጠቆዎች።

በመንገድ ቍጥር ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ወደ ተራራው ሲወጡ፣ በኬኖሻ የተራራ መተላለፊያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሕዝቡ ሁሉ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ይነሣ ነበርና፣ ሠራዊቱ አርባ ደቂቃ ታገደ፤ ሚሊየንም ወርዶ ከነሱሪው ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ የደረሱበትን ወንዝ ስም ይህ ዜና መዋዕል አያነሣም፤ ጋሽ እድሪስ ሁሉንም አስምለዋቸዋልና።

በወንዙም ዳር ጋሽ እድሪስ ጀልባውን በእግራቸው እየነፉ የጀማሪዎችን ሕግ አወጁ፦ “ስሙ! አንደኛ፣ ጀልባ ላይ አይቆምም። ሁለተኛ፣ ይሄ ዓሣ ሊወልድ ሽቅብ ሲወጣ ምግብ አይነካም፤ ዳቦም ስጠው፣ ትልም ስጠው፣ ዞር ብሎ አያይህም። ብረቷን ከላይ ወርውረህ፣ ከውኃው ጋር አውርደህ፣ አፍንጫው ሥር አሳልፍለት። ሲናደድ ይነክሳል። ሦስተኛ፣ ሲነክስ አትጩኽ፣ ዘንጉን ቀና አድርግ። አራተኛ፣ ጀልባ ላይ አይቆምም!” በዚህ መካከል መሪጌታ ከመኪናው ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ “ጾመኛ ነዋ! ከእኛ ሰው ይሻላል” ሲሉ አውጀው ተመልሰው ተኙ።

ወእምዝ ጦርነቱ ተጀመረ። አቶ ጣሰው መጀመሪያ በወረወሩ ጊዜ የማረኩት ዛፍ ነው። ሁለተኛ በወረወሩ ጊዜ የሚሊየንን አዲስ ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ቀደዱት፤ ውኃውም በቀዳዳው ገብቶ እስከ ወገቡ ስለ ሞላው፣ ሚሊየን እንደ ወይን ጠጅ አቍማዳ ተነፍቶ፣ እየተጎተተ ከጦር ሜዳው ወጣ። ሦስተኛውን የገዛ ጃኬታቸው ማረከ። ዓሦቹ ግን፣ ኦ ዝ መንክር፣ ገላቸው እንደ በርበሬ የቀላ፣ ራሳቸው አረንጓዴ፣ ተራ ጠብቀው እንደ ሰልፈኛ በአቶ ጣሰው እግር ሥር ያልፉ ነበር፤ አንዱም ቀና ብሎ አላያቸውም። እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ አራት መንጠቆ በድንጋይ ቀረ፤ የተተበተበ ክር ሲፈቱና ሲጎትቱም የሁለቱም እጃቸው መዳፍ እንደ ሸንኰራ ልጣጭ ተሰነጣጠቀ።

በዚህ ጊዜ ሚሊየን፣ ሱሪውን አውልቆ በቍምጣው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ቆሎ እየቈረጠመ፣ የእርቅ አዋጅ አቀረበ፦ “ጣሰው ወንድሜ፣ በቃ ተሸንፈናል። መንገድ ላይ ሱቅ ገብተን ከነራሱ አንድ እንገዛለን፣ ጭቃ እንቀባዋለን፣ ማን ያውቃል?” አቶ ጣሰውም ዞር ሳይሉ መለሱ፦ “እማማ ናቸዋ የሚያውቁት! ዓይኑን አይተው የሞተበትን ቀን ከነሰዓቱ ይነግሩሃል።” ይህም እውነት ስለ ነበረ ማንም አልተከራከረም።

ቀጥሎም በጋሽ እድሪስ ጀልባ ወንዙ ሰፍቶ ወደሚተኛበት ገቡ። በዚያም አንድ ወንድ ሳልመን፣ ጀርባው የጐበጠ፣ መንጋጋው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ከጀልባይቱ አፍንጫ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ። አቶ ጣሰው ወረወሩ፤ ፈቀቅ አለ። ወረወሩ፤ ፈቀቅ አለ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ወረወሩ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ዘሎ ፊታቸው ላይ ውኃ ረጨባቸው። አቶ ጣሰውም የፓርኪንግ ሹም ሆነው ስንት ስድብ የቻሉ ሰው፣ ይህን ግን አልቻሉም፤ አንደኛውንና አራተኛውን ሕግ ረስተው ብድግ አሉ።

ጀልባዪቱ ተገለበጠች። የወንዙ ጥልቀት እስከ ጉልበት ብቻ ስለ ነበር ነፍስ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሲወድቁ ከእጃቸው ያላመለጠችው ዘንግ ብረቷን ጐትታ በዓሣው አፍንጫ ሥር አሳለፈቻት፤ ያን ጊዜ የተናደደው ሰው በተንበረከከበት፣ የተናደደው ዓሣ ብረቷን ግጥም አድርጎ ነከሰ። አቶ ጣሰው ሦስተኛውንም ሕግ ሽረው፣ መሪጌታ ከመኪናው ወርደው በሩጫ እስኪመጡ ድረስ ጮኹ። ክሩን በተሰነጣጠቀው መዳፋቸው ጠምጥመው ያዙት፤ ጋሽ እድሪስም በአራት እግራቸው ድኸው፣ መረቡን ከሥሩ አስገብተው፣ ዓሣውን አወጡት። ርዝመቱ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ጋሽ እድሪስ ከአፋቸው ውኃ እየተፉ፣ “አይቆምም ብዬ ነበር!” ሲሉ አወጁ፤ ቀጥለውም አቅፈው ሳሟቸው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሠራዊቱ ወደ ግሌንዴል ገባ። ወይዘሮ ፀዳል ሽርጥ አገልድመው፣ ቢላዋ ስለው፣ በማጠቢያው አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከረጢቱ ሲፈታ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ “በስመ አብ! ዓሣ ነው ወይስ ዘንዶ?” አሉ። ከዚያም የጎርጎራ ልጅ እንደሚያደርገው መዳፋቸውን ከጅራቱ ወደ ራሱ አሳለፉ። እጃቸው እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ አለፈ። ደግመው አሳለፉ። ሙልጭ አለ። ያን ጊዜ የፍርድ አዋጃቸውን አስነገሩ፦ “ቅርፊት የለውም። እሾኹ አምባዛ ነው ያመጣልኝ።”

አምባዛ ማለት በጣና የሚገኝ፣ ገላው ልሙጥ፣ ቅርፊት ስለሌለው ክርስቲያኑ የማይበላው ዓሣ ነው። ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም፤ ሕጉ ይኸው ነው። የሁሉም ዓይን ወደ መሪጌታ ባስልዮስ ዞረ። መሪጌታም የጥበቃ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ዓሣውን በትካዜ ተመልክተው ፈረዱ፦ “ክንፍ አለው። ቅርፊት ከሌለው ግን፣ ለጣሰው ብዬ ሕግ አልሽርም።” ጋሽ እድሪስ፣ ምንም እንኳ እስላም ቢሆኑ፣ ስለ ዓሣው ጠበቃ ሆነው ቆሙ፦ “እማማ፣ ቅርፊትማ አለው! ሊወልድ ሽቅብ ሲወጣ ቆዳው ይወፍርና ቅርፊቱን ይውጠዋል።” ሚሊየንም ከሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ “ዓሣውም ዋጠ? የዚህ ቤት ነገር! አንዱ እሾህ ይውጣል፣ አንዱ ቅርፊት ይውጣል!” ሲል አወጀ፤ ስምረት ባሏን በክርኗ ብትጐስመውም ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አቶ ጣሰው አልሳቁም። ቢላዋውን ወስደው በጀርባው ፋቁ፤ ልጋግ ወጣ። በማንኪያ ፋቁ፤ ልጋግ ወጣ። ጎንበስ ብለው፣ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ፋቁ። ከዚያ ልጋጉን ሊታጠቡ ቧንቧውን ሲከፍቱ መዳፎቻቸው ወደ ላይ ተገለበጡ፤ የተሰነጣጠቁት ሁለቱም፣ በክሩ የተበጡት፣ ውኃ ሲነካቸው ደም የሚያወጡት። ወይዘሮ ፀዳል አዩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉሮሯቸውን ብቻ ያዩ ሴት፣ እጃቸውን ያን ቀን አዩ። “መነጽሬን አምጡልኝ” አሉ።

ቧንቧው ተዘጋ። ወይዘሮ ፀዳል ዓሣውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ክንፉን ገልጠው ከሥሩ፣ ከጆሮ ግንዱ ኋላ፣ ከሆዱ ጥግ፣ በአውራ ጣት ጥፍራቸው እየጫሩ ፈለጉ። ወጡ የሚሠራበት ሽንኩርት ማረር ጀመረ፤ ሮማን እንኳ አላማሰለችውም። በመጨረሻ ቀና አሉ። በጥፍራቸው ጫፍ ላይ፣ ከጤፍ የምትሰፋ፣ ከምስር የምታንስ፣ ብርሃን የምታሳልፍ አንዲት ነገር ተጣብቃ ነበር። ወደ መሪጌታ አቀረቧትና፣ “ይቺ ምንድን ናት?” አሉ። መሪጌታ አዩ፤ የወይዘሮ ፀዳልን መነጽር ተውሰው ደግመው አዩ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ቅርፊት ናት! ስንት ይሁን ብሎ ሕጉ አልቈጠረም። ይበላል!” ሲሉ አወጁ። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ።

በማዕዱ ላይ ስለሆነው በአጭሩ እንበል። ሥጋው ፈዛዛ፣ ጣዕሙም ዝናብ እንደ መታው ካርቶን ነበር። አቶ ጣሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሡ የሁሉም ዓይን በጉሮሯቸው ላይ ተተከለ፤ አላመጡ፣ አላመጡ፣ ዋጡ፤ ምንም አልሆነም። ወይዘሮ ፀዳልም ቀምሰው፣ “አርጅቷል። የጣና ቀረሶ ይሄን ቢያይ ያፍርለታል” ብለው አወጁ፤ አውጀውም ሁለተኛ ጐረሱ፤ ሦስተኛም ጐረሱ፤ ራሱንም ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ከእራት በኋላ አንጀቱና እሾኹ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ በበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚሊየን፣ እንደ ልማዱ ሊላላክ፣ “እማማ፣ እኔ ልጣለው” ብሎ ብድግ አለ። ወይዘሮ ፀዳል ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ የዓሣውን ጕንጭ እየፈለፈሉ፣ የዚያን ዘመን ታላቁን አዋጅ ተናገሩ፦ “አንተ ተቀመጥ፣ ብርድ መቶሃል። ጣሰው፣ ይሄን አንጀት ሳይሸት ውጭ ጣልልኝ።”

ሮማን ሳህን እያጠበች እጇ ቆመ። አቶ ጣሰውም ላስቲኩን በቈሰለው ቀኝ እጃቸው እንደ ጋሻ አንሥተው፣ ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወርደው፣ በመኪኖቹ መካከል በዝግታ አልፈው፣ ከትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ፊት ደረሱ፤ ጥለውም ከሚያስፈልገው በላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ከላይ መስኮቱ ተከፈተና፣ ግሌንዴል ሁሉ በሚሰማው በዚያ ድምፅ፣ ሌላ አዋጅ ወረደ፦ “ጣሰው! ክዳኑን ዝጋው!”

ሁለት ጊዜ። በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ።

እንግዲህ ጣሰው ሊቀ መንጠቆ፣ ድል አድራጊው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሦስት ሕግ ሽሮ አንድ ሕግ ያስጠበቀ፣ ጾመኛውን ዓሣ ያስቈጣ፣ የተዋጠ ቅርፊት ያስወጣ፣ የተዋጠም ስሙን ያስመለሰ፣ ክብሩ እንደ ኬኖሻ ከፍ ይበል፤ ይህም ዓመት በግሌንዴል ቤቶች ሁሉ ዘመነ ቅርፊት ተብሎ ይጠራ። ክዳኑንም ዘጉት።