የጉና ጤዛና የእኔ በርጩማ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የማስታውሰው ነገር እንደ ድሮው ተራውን ጠብቆ አይመጣልኝም። የምነግራችሁ ነገር ከኅዳር ሚካኤል ስንት ሳምንት ቀድሞ እንደሆነ፣ መሪጌታ የዚያን ቀን ካፖርት ይልበሱ ጋቢ፣ ሊምታታብኝ ይችላል። በግምጃ ቤት ጠባቂነት ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ተመልሼ ሳልነካው በሩን ቆልፌያለሁ ብዬ አልምልም። እዚህም እንደዚያው ነው። የተሰማኝን ነገር ግን አልስተውም። ቀንቼ ነበር።

ስለ ቅናት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጎረምሳና ኮረዳ ነው። ሽማግሌ ቀና ሲባል ይስቃል። እናንተም አሁን ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ግን አስቡት፤ ጎረምሳ ቢቀና ሌላ ሰፈር አለው፣ ሌላ ዓመት አለው፣ ቢብሰው አገር ለቆ ይሄዳል። ሽማግሌ ያለችው አንዲት መቀመጫ ናት። እሷን ሲነጠቅ የት ይሂድ?

የእኔ መቀመጫ ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የመሪጌታ እንግዳው የሥዕል ቤት በር አጠገብ ነበረች። በርጩማዋን ከቤቴ ያመጣኋት ራሴ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

መሪጌታ እንግዳው በልጅነታቸው ድጓ ሊማሩ እዚሁ አገራችን ካለው ከቤተ ልሔም ደብር ገብተው፣ እዚያው ከአንድ አሮጌ ቄስ ሥዕል ለምደው የወጡ ሰው ናቸው። ለየደብሩ ሥዕል ይሥላሉ፤ የደብር ሥራ ሲጠፋ የሱቅ ማስታወቂያ ይሥላሉ። ለአንድ ሥጋ ቤት የሣሉት በሬ እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። እንዲያው ዓይኑን ስታዩት የሚሆነውን ሁሉ ያወቀ ይመስላል። ሥጋ ሊገዛ ሄዶ በሬውን አይቶ ሽሮ ገዝቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ጠዋት ከኪዳን መልስ በሩን ይከፍታሉ። ሸራውን ወጥረው፣ ሙጫና ጀሶ ቀብተው፣ ሲደርቅ በከሰል ይነድፋሉ። ከዚያ ቀለሙ ይከተላል። እኔ ሰላምታዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር የለም። ሥራዬ መጠንቀቅ ነው፤ የቀለሙ ጣሳ ጠርዝ ላይ ቆሟል፣ በሩ ነፋስ ያስገባል፣ ድመቷ ገብታለች እላለሁ። እሳቸውም «እሺ አያ ሙጬ» ይላሉ፤ ጣሳውን ግን አያነሱትም።

አንድ ሌላ ሥራ ግን ነበረኝ፤ እሷ የእኔ ብቻ ነበረች። መሪጌታ የዓይን ብሌን የሚያኖሩት መጨረሻ ላይ ነው። ልብሱ አልቆ፣ ክንፉ አልቆ፣ ሰይፉ አልቆ፣ ቅዱሱ ለቀናት ዓይነ ባዶ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ አንድ ጠዋት እጃቸውን ታጥበው ይመጡና «አያ ሙጬ፣ ይቀመጡ» ይሉኛል። ተቀምጬም ቢሆን ይቀመጡ ነው የሚሉኝ። ቀጭኗን ብሩሽ አንስተው አንዲት ነጥብ ያሳርፋሉ።

«አየዎት?»

«አላየኝም።»

ጥቂት ይነካካሉ። «አሁንስ?»

«ግንባሬን ነው የሚያየው።»

«ግንባርዎ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም» ይሉና እንደገና ይሞክራሉ። «አየኝ» ያልኩ ጊዜ ብሩሹን ያስቀምጣሉ። ሥዕሉ አለቀ ማለት ነው። በደብሩ አስቀዳሽ ሁሉ ፊት የቆመው ቅዱስ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል?

ሰይጣን ሲሥሉ ግን በርጩማዬን ወደ ውጭ አወጣለሁ። እንደምታውቁት ሰይጣን በጎኑ ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ያችው አንዷም ብትሆን እኔን ባታይ ይሻላል። «አንቱን ቢያይ ምን ያተርፋል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ኖርን። ስልኩ እስኪመጣ።

ስልኩን የወንድማቸው ልጅ ነው ያመጣላቸው። በእኛም ቤት ባለቤቴ እማዋይሽ ልጃችን የላከችላት እንዲሁ ያለ በጣት የሚዳሰስ ስልክ አላት፤ የእኔ ባለ ቁልፍ ነው፣ ባትሪው ስለሚቆይ። መሪጌታን መጀመሪያ የያዛቸው ስልኩ ውስጥ ያለ አንድ ፈረንጅ ነው። ሰውዬው ሥራው የዛገ መጥረቢያ እየፈለገ መወልወል ነው። ቃል አይናገርም። ዝገቱን ይፍቃል፣ ይስላል፣ ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ መጥረቢያው እንደ መስታወት ያበራል። መሪጌታ ሳላቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ያዩና «እፎይ» ይላሉ፤ ራሳቸው የፋቁት ይመስል። እውነቱን ልናገርና እኔም በትከሻቸው በኩል አይ ነበር። ፈረንጁ ላይ አልቀናሁም። መጥረቢያ ይወለውላል እንጂ ማንንም አይጠይቅም።

ቀጥሎ «ላይቭ» መጣ። ስልኩ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሆኖ በመስኮቱ በኩል፣ ከእኔ በርጩማ ከፍ ብሎ ቆመ። እንደ ልማዴ «ይወድቃል» አልኩ። አልወደቀም። መሪጌታ ሲሥሉ ስልኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ያያሉ፤ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ቀና እያሉ ያነባሉ። «አባታችን እጅዎ ይባረክ» ይላል አንዱ። «ከየት ነው የምታዩት?» ይላሉ መሪጌታ፣ ለእኔ አውጥተውት በማያውቁት ድምፅ። ብቻችንን ሳለን ካፖርታቸው ቀለም በቀለም ነበር፤ አሁን ነጭ ጋቢ ይለብሳሉ። ነው ወይስ ካፖርቱን አሳጠቡት? ብቻ አንዱ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የጉና ጤዛ የሚባል ሰው ነው። ስልኩ ላይ የሚወጣ ስሙ ነው እንግዲህ፤ መሪጌታም እንዲህ ብለው ይጠሩታል። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ጤዛ አለ፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ጤዛ አለ። «ይህን ሰማያዊ ከየት አመጡት?» ብሎ ይጠይቃል። መሪጌታም ብሩሽ አቁመው ያብራራሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ሰማያዊ ጠይቄ አላውቅም፤ ሰማያዊ መሆኑን አየዋለሁ፣ ምን ልጠይቅ? «ጤዛ አስተዋይ ሰው ናቸው» አሉኝ አንድ ቀን። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቤቴ ገብቼ ለእማዋይሽ ነገርኳት። «ሥራ ፈት ነው! ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሥራ ፈትማ በርጩማ ላይ የሚውለው ነው» አለችኝ። «እኔ ጨዋ ሰው ይመስለኛል።»

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ለኅዳር ሚካኤል፣ ከከተማው ወጣ ላለች የሚካኤል ደብር፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አዘዟቸው። ሥዕሉ አልቆ ዓይነ ባዶ ሆኖ ቆመ። እኔ ቀኑን እየጠበቅሁ ጢሜን ሳይቀር ተስተካክያለሁ። ጠዋት እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ ብሩሿን አነሱ፤ ነጥቧን አሳረፉ። «አየዎት?» ሲሉ ለመመለስ አፌን ከፈትኩ።

የጠየቁት ስልኩን ነበር።

«አየን አባታችን!» «አየኝ፣ ከደሴ!» «ኧረ እንባዬ መጣ!» እያሉ ያነባሉ። ጤዛም ሳይቀድም አልቀረም፤ «ልቤ ድረስ አየኝ» ብሎ ጻፈ። መሪጌታ ፊታቸው በርቶ ብሩሹን አስቀመጡ። አፌን ከፍቼ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዘጋሁት። ተነሥቼ በርጩማዬን በብብቴ ያዝኩ።

«ወዴት ነው፣ አያ ሙጬ?»

«ጣራዬ ያፈሳል።»

«በኅዳር?»

«ጥንቃቄ አይከፋም» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። ይልኩብኛል ብዬ ግን ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ መንገዱን በሚያሳየው በኩል፣ በዚያችው በርጩማ ተቀምጬ ሰነበትኩ። ማንም አልመጣም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቀና ማለቴን እማዋይሽ ከውስጥ ትቆጥር ነበር መሰለኝ፤ አንዴ «አንገትህን ያምህ የለ?» አለችኝ።

የሚካኤል ዕለት ከሁሉ ቀድሜ ደብሩ ደረስኩ። ሥዕሉ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፊት ለፊት ቆምኩ፤ አላየኝም። በቀኝ ሄድኩ፤ አላየኝም። በግራ ሄድኩ፤ አላየኝም። መልአኩ ዓይኑን ወደ ጎን ወርውሮ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ መሪጌታ ቤት ስልኩ በቆመበት አቅጣጫ ያያል። እዚህ ደግሞ በዚያ በኩል ያለው መስኮት ነው። ደስ አለኝ ልበላችሁ? ደስ አለኝ። አሁን ሕዝቡ ሲገባ ማጉረምረም ይጀምራል፣ «ምነው አያየንም?» ይላል፣ መሪጌታም ዞረው እኔን ይፈልጋሉ ብዬ ዓምዱን ተደግፌ ጠበቅሁ።

ሕዝቡ ገባ። አንዲት አሮጊት ከፊቴ ሰግደው ተነሡና ለጎረቤታቸው እንዲህ አሉ፦ «ምን ያለው ደግ መልአክ ነው! የድሮው ገና ከደጅ ጀምሮ ያፈጥብኝ ነበር፤ ሳልናዘዝ የገባሁ እንደሆነ ቀና ብዬ አላየውም። ይህ ግን ኃጢአቴን አይቶ እንዳላየ ዘወር አለልኝ።» ጎረቤታቸውም እልል አለች። ሁሉም እንዳሻው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ማንም አያፍርም። ከዓምዱ ጋራ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ጥዱ ሥር አገኙኝ። ስልክ አልያዙም።

«እንዴት አዩት?» አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ። ይህቺን ጥያቄ ነበር ደጃፌ ላይ ስጠብቅ የከረምኩት። መልሱም አፌ ላይ ነበር። ቅናት ግን ከአፍ ቀድሞ ይናገራል። «ሕዝቡ ወዶታል» አልኳቸው።

«እኔ ሕዝቡን አልጠየቅሁም» አሉ።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያቺን «አላየኝም» የምትል አንዲት ቃል ባለመናገሬ ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ የሚያውቀው አልጋዬ ነው።

ከጥምቀት በኋላ በራቸው ተቆልፎ አየሁት። አንድ ባለ ባጃጅ ነው የነገረኝ፤ እስቴ ወርደዋል፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ የእመቤታችንን ሥዕል ሊሥሉ። ስንብት የለም። ቁልፉን ነካ አድርጌ መዘጋቱን አረጋገጥኩ። ጠባቂ ነኝ።

የአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማዋይሽ ስልኳን ይዛ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «የአንተ ሰውዬ ብቅ ብለዋል» አለች። መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። እውነትም መሪጌታ ናቸው፤ ከስተዋል። ከኋላቸው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ዓይነ ባዶ ሆና ቆማለች። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። በሩ አጠገብ አንዲት በርጩማ ነበረች። ሰው አልተቀመጠባትም።

ነጥቧን አሳረፉ። «አየቻችሁ?» አሉ ስልኩን። «አየችን! አየችን!» እያለ ጽሑፉ ይወርዳል።

ስልኩን ወደ ቀኝ ይዤ አየሁ፤ ወደ ግራ ይዤ አየሁ። «እማዋይሽ፣ ጻፊ» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«‹አላየችኝም› ብለሽ።»

«ሰው ሁሉ አየችኝ ሲል?»

«ጻፊ ብያለሁ!»

ጻፈች። መሪጌታ ማንበባቸውን ቀጥለው ነበር፤ ድንገት ቆሙ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የጉና ጤዛ፣ ‹አላየችኝም›።»

ቀስ ብዬ ወደ እማዋይሽ ዞርኩ። እሷ አልዞረችም። «ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች። «ስልኩ ስም አውጪ ሲለኝ አወጣሁ። ሰማያዊውንስ ብጠይቅ ምን አለበት?»

መሪጌታ ብሩሹን አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ በዚያች በርጩማ ላይ ራሳቸው ተቀመጡና ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነትዎን ነው፣ ጤዛ» አሉ። «አያ ሙጬ ቢኖሩ ይህንኑ ነበር የሚሉኝ።»

ብሩሹን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው እንደተዘረጋ የስልኩ ምስል ደርቆ ቆመ። ኔትወርኩ ጠፋ።

ስለ መሪጌታ የሰማሁት የመጨረሻው ወሬ ይህ ነው። ኔትወርክ አልተመለሰም፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የእስቴዋ እመቤታችን ሰው ታይ እንደሆነ አላውቅም። በርጩማዋን ግን መልሼ ከሥዕል ቤቱ በር አጠገብ አኑሬያታለሁ፤ በየጠዋቱ አረጋግጬ እመለሳለሁ።

ያን ዕለት ኔትወርኩ እንደጠፋ ስልኩን እንዳቀፍኩ ብዙ ቆየሁ። እማዋይሽ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው፤ በቀሚሷ ጫፍም ወለወለችው።

«ሰማህ አይደል?» አለችኝ። «እውነትዎን ነው ብለው የመሰከሩት ለእኔ ነው።»