የሙቀት ሽጉጥና የእኔ ጧፍ

ውድ መሣሪያ ካልያዘ ብልሽት የማይታየው ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ማርቆስ፣ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ገጥሞኛል።

መሪጌታ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ አመጡ፤ በቅዳሴ መሀል እየጋለ ይጠፋል። ክዳኑን ስከፍት ጎረቤቴ ቴክኒሻን የሙቀት መለኪያ ሽጉጡን ደገነበት። ሽጉጡ የዕቃዎቹን ሰፈር ሙቀት በጅምላ ነገረን እንጂ የትኛዋ ዕቃ እንደጋለች አልለየም።

«መሪጌታ፣ ጧፍ ይዘዋል?» አልኩ።

«ጸሎት ልትጀምር ነው?»

«ምርመራ!»

ጧፉን ተቀብዬ ለኮስኩና በየዕቃው ላይ ሰም ጠብ አድርጌ፣ ሲረጋ ማጉያውን አበራሁት። የአንዷ ትራንዚስተር ሰም ቀድሞ ቀለጠ። እሷን ቀየርኩ፤ ማጉያው ዳነ፤ መሪጌታም የተረፈውን ጧፍ ትተውልኝ ሄዱ።

ትናንት ቴክኒሻኑ መጣ። «ጋሼ፣ ጧፉን ያውሱኝ። ቤቴ ብርድ በየት እንደሚገባ ነበልባሉ ሲያዘነብል ልይበት።»

አዋስኩት፤ ሽጉጡን በመያዣነት ተቀብዬ።