ሦስት ጊዜ ነክቼሻለሁ እኮ፣ ሲስተር

አታምኑኝም። እኔ፣ ይህችው የምታውቋት ጡረተኛ ነርስ፣ በመላው ቀበሌ ፊት "ሥጋ ደዌ አለባት" ተብዬ አውቃለሁ። ያውም ራሴ ባመጣሁት ጥጥ!

ዛሬ ምን አስታወሰሽ አትሉም? ጠዋት ፌስቡክ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። "የቆዳ ሕክምና ለምትወዱ የጤና ባለሙያዎች፣ የበጎ ፈቃድ ዕድል" ይላል። ልጆቹ ኮመንት ላይ "ሰርተፍኬት አለው ወይ?" እያሉ ይጠይቃሉ።

ልጆቼ፣ ሰርተፍኬቱን ተዉትና እኔን ስሙኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ነርስ ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የምሠራበት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም፣ እሁድ እሁድ በየቀበሌው እየዞሩ የሰው ቆዳ የሚያዩ ነርሶች ፈለገ። ሦስት ሳምንት ያስተምረናል፣ ከዚያ መውጣት ነው።

በዚያ ዘመን ፈቃደኛ ማለት ስሙ ከዝርዝር ላይ የተነበበ ሰው ነበር። እኔ ግን የምሬን እጄን አወጣሁ። ጓደኞቼ እንደ እብድ አዩኝ።

ምን ላድርግ፣ ቆዳ እወድ ነበር። ጭርቱን ከቋቁቻው፣ ችፌውን ከእከኩ ስለይ ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ፣ አትሳቁ።

የደረሰኝ ቀበሌ ከላምበረት ወረድ ብሎ ነው። የመጀመሪያው እሁድ ሰው ሳይ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ እትዬ ዘሃራ መጡ።

እትዬ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው ጦር ግንባር ነው። ሦስት ልጅ የሚያሳድጉት እዚያች ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው እየመዘኑ ነው። ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ትናንሽ ነጭ ምልክት ወጥቶባቸዋል። በጥጥ ነካሁት፣ በደንብ ይሰማቸዋል። አያምም፣ አይተላለፍም፣ የቆዳው ቀለም ብቻ ነው የለቀቀው።

"አይዞዎት፣ ምንም አይደለም" አልኳቸው። ከዚያ መዝገቡ ላይ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፌ አንድ ቃል ጻፍኩ።

ለምጽ።

ሐኪም ቤት ለምጽ ስንል ቀለሙ የለቀቀ ቆዳ ማለታችን ነው። መዝገቡን ያነበበው የቀበሌው ጸሐፊ ግን ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። እሱ በተማረበት ለምጽ ማለት ሥጋ ደዌ ነው። ለምጻም ደግሞ ከሰፈር ይወጣል።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ዘሃራን ከሱቁ አስወጧቸው። እሁድ በስብሰባ ተወስኖ ቦታቸው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

እኔ ይህን የሰማሁት እሁድ ጠዋት፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እየተፍነከነክሁ ስደርስ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ሦስት ልጅ!

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት አንዲት በርጩማ አገኘሁ። ግራ ጫማዬ ይጠበኝ ስለነበር አወለቅሁትና እግሬን ከሥሬ አጥፌ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ንግግር ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ዓለም ሁኔታ፣ ቀጥሎ ስለ አፍሪካ። ኢትዮጵያ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀበት።

መነሳት ቀርቶ ማሳል ያስፈራል። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ቆሟል። እትዬ ዘሃራ ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ በግራም በቀኝም አጠገባቸው ሰው የለም። ቀኝ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ደብቀዋል።

በስንት መከራ ተራዬ ደረሰ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ተናገርኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እትዬ ዘሃራ ሥጋ ደዌ የለባቸውም። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ይደነዝዛል፣ በጥጥ ሲነኩት አይሰማም። የሳቸው ይሰማል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይነኩ፣ የተነኩበትን ይናገራሉ። እዚሁ ማየት ትችላላችሁ።"

ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ። እትዬ ዘሃራን ጠሯቸው፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን መጨፈን ፈሩ። ጠመንጃ ባለበት ቤት ዓይን መጨፈን ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ጀግናዋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"እንዳይፈሩ በኔ ይጀመር!"

ጥጡን ለጥበቃው ሰጠሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። "የፈለግክበት ንካኝ፣ እነግርሃለሁ" አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነው። የሴት ፊት መንካት አፈረ፣ እጅ መንካትም አፈረ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሬ ብቅ ያለውን ባዶ እግሬን መረጠ።

እጠብቃለሁ።

ምንም የነካኝ የለም።

አሁንም እጠብቃለሁ።

"ንካኝ እንጂ" አልኩት።

"ሦስት ጊዜ ነክቼሻለሁ እኮ፣ ሲስተር።"

ዓይኔን ስገልጥ የፊተኛው አግዳሚ ባዶ ሆኗል። ሰዉ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

"ደንዝዞ ነው" አልኩ። "እግሬ እኮ ደንዝዞ ነው!"

ያልኩት ገባችሁ? የደነዘዘ ቆዳ ሥጋ ደዌ ነው ብዬ ካስተማርኳቸው አምስት ደቂቃ አልሞላም!

ላስረዳ ብዬ ብድግ አልኩ። እግሬ ከዳኝ። በአፍጢሜ ተደፋሁ። ከኋላ አንዲት እናት "ውይ በሞትኩት፣ መቆምም አቅቷታል" አሉ።

ማንም ሊያነሳኝ አልመጣም። እትዬ ዘሃራ ብቻ ከጥጋቸው ተነስተው መጡ። ያንን የደበቁትን እጃቸውን አውጥተው እግሬን ያሹልኝ ጀመር። እግሬን ጉንዳን እንደወረረው ሲነዝረኝ አለቀስኩ። ከሕመሙ ይሁን ከእፍረቱ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ወሰነ። "ሁለቱም ሆስፒታል ሄደው ወረቀት ያምጡ።"

ሰኞ አብረን በአውቶቡስ ከተማውን አቋርጠን ሄድን። ሐኪሙ የኔን ጉድ ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ የእትዬ ዘሃራን እጅ አይቶ "ለምጽ ብቻ ነው" አለና ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

"ጌታዬ" አሉት፣ "ያንን ቃል ብቻ አይጻፉብኝ።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ "የቆዳ ቀለም መልቀቅ ነው፣ አይተላለፍም" ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱ ላይ ማህተም ተመታ። እትዬ ዘሃራ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሰዉ ግን ከእጃቸው አልቀበልም አለ። ግማሹ እዚያ ማዶ ቀበሌ ያለ ዘመዱን እየላከ ያስገዛል። ሊቀመንበሩም ሱቁ እንዲህ ከቀጠለ ሻጭ እንደሚቀይር ተናገረ።

እኔ ደግሞ አላርፍ አልኩ። ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ሰው ቆሞ ሲያመነታ ደረስኩ። "እትዬ ዘሃራ፣ እዚህ ላይ ያድርጉልኝ" ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ። በእጃቸው ስኳር ዘግነው ሰጡኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ላስኩት። እስከ መጨረሻው ላስኩት።

አንዱ ለጎረቤቱ ምን አለው መሰላችሁ?

"እሷማ ምን ትፈራለች፣ ቀድሞ ይዟታል።"

በወሩ መጨረሻ ሱቁ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ይህን ታሪክ በየሰርጉ አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜ "ተደፋሁ" ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ሰዉ በሳቅ ይሞታል፣ ከዚያ ተባብረን ጸሐፊውን እንሰድባለን።

ዛሬ ግን ልናዘዝ። ሐኪሙ ሲያስተምረን "መዝገብ ላይ ለምጽ ብላችሁ አትጻፉ፣ ሰው ሌላ ይመስለዋል" ብሎን ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ። ዳሩ ግን "ቀለም የለቀቀ" ብሎ መጻፍ የመሃይም መሰለኝ። ለምጽ ስል አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ። ጸሐፊው ያነበበው የጻፍኩትን ነው።

እትዬ ዘሃራ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወሎ ሊሄዱ ሲሉ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ተሰናበቱኝ። ልጆቹ በር ላይ ዕቃ ይጠብቃሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምን እንደምል ሳስብ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"እግርሽስ፣ ተሻለሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን" አልኩ። ጫማው ጠቦኝ እንደነበርም አስረዳኋቸው። አሁን ሰፋ ያለ እንደገዛሁ ጭምር። እሳቸውም "እሰይ፣ አላህ ይጠብቅሽ" ብለው ሳሙኝና ሄዱ።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ስለ ጫማ ያወራል?